ጆሮን ለማዳመጥ ማዘጋጀት፦ በድሬዳዋ ቤቶች ሙዚቃን በጥሞና ስለ ማዳመጥ

መግቢያ

በአማርኛ «መስማት» እና «ማዳመጥ» አንድ አይደሉም። መስማት ጆሮ ክፍት እስከሆነ ድረስ ሳንፈልግም የሚሆን ነው፤ ማዳመጥ ግን ጊዜ ሰጥቶ፣ ልብን ሰብስቦ የሚፈጸም ተግባር ነው። ስለ ሙዚቃ ማዳመጥ በምናደርገው ውይይት ትኩረታችን የሚያርፈው በአብዛኛው በመሣሪያው ላይ ነው፤ የትኛው ድምፅ ማጉያ፣ የትኛው የጆሮ ማዳመጫ፣ የትኛው ስልክ ይሻላል እንላለን። ድምፁን የሚቀበለው ጆሮ በዚያች ሰዓት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ግን እምብዛም አንጠይቅም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው አባባል ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት የሚነገር ቢሆንም ለዚህ ጉዳይም ይስማማል፤ ጆሮ ሲደክም ድካሙን ለባለቤቱ አያስታውቅም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ በቤት ውስጥ ሙዚቃን በጥሞና ለማዳመጥ የመጀመሪያው እርምጃ ድምፅ መጨመር ሳይሆን ጸጥታን ማግኘት ነው። ጸጥታውም በሦስት ቦታ ይፈለጋል፤ በጆሮው፣ በክፍሉና በአድማጩ ትኩረት። ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። በድህረ ምረቃ ትምህርት ላይ ያሉ በርካታ ተማሪዎች የቃል ግጥምን፣ ዜማንና ቃለ መጠይቅን ከተቀረጸ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ይገለብጣሉ። በደከመ ጆሮና በጫጫታ ክፍል የተገለበጠ መረጃ የጥናቱን መሠረት ያዛባል። ከዚህም በላይ በጫጫታ የተጎዳ የመስማት አቅም ተመልሶ አይተካም።

1. ከተማዋና የዕለቱ ድምፅ

ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የባቡሩ ፊሽካና የጥገና ወርክሾፑ ድምፅ ለረጅም ዘመን የኑሮዋ አካል ሆነው ቆይተዋል። በሙዚቃም ስሟ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ የተቋቋመው የአፍረን ቀሎ ቡድን ለዘመናዊው የኦሮምኛ ሙዚቃ ፈር ከቀደዱት አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈው ድምፃዊ ዓሊ ቢራም ድሬዳዋ ተወልዶ የሙዚቃ ሕይወቱን የጀመረው በዚሁ ቡድን ውስጥ ነው። የኡድ ክር ሲነካ የሚሰማው አጭር ምት፣ የድምፃዊው ትንፋሽና የከበሮው ቀለል ያለ ምላሽ የዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ጥቃቅን ውበቶች ናቸው። ጫጫታ ቀድሞ የሚወስደውም እነዚህኑ ነው።

አንድ ተማሪ ወይም ሠራተኛ በድሬዳዋ የሚያሳልፈውን ተራ ቀን እንመልከት። ጠዋት በባጃጅ ይጓዛል፤ የባጃጅ ሞተር ከተሳፋሪው ጀርባ የተገጠመ፣ ጎኗም ክፍት በመሆኑ የሞተሩና የመንገዱ ድምፅ ያለ መጋረጃ ጆሮው ይደርሳል። በቀፊራ ወይም በታይዋን ገበያ በኩል ሲያልፍ የሱቆች ድምፅ ማጉያ ይቀበለዋል። ብየዳ ቤት፣ ወፍጮ ቤትና መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ይጨመሩበታል። ማታ ቤቱ ሲገባ ሙዚቃ ይከፍታል፤ ድምፁ ያነሰ ስለሚመስለው ይጨምረዋል። ችግሩ የሚጀምረው በዚህች ጭማሪ ነው፤ ድምፁ አላነሰም፣ ያነሰው ጆሮው የሚቀበልበት አቅም ነውና።

2. ከጫጫታ የተመለሰ ጆሮ

ድምፅ የጆሮ ታምቡርን ሲያንቀጠቅጥ እንቅስቃሴው በሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አማካይነት ኮክሊያ ወደሚባለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ይተላለፋል። በእያንዳንዱ ኮክሊያ ውስጥ 3,500 ገደማ የውስጥ ረድፍና 12,000 ገደማ የውጭ ረድፍ ጸጉራም ሕዋሳት አሉ። የውስጦቹ መልእክቱን ወደ አንጎል ነርቭ ያሻግራሉ፤ የውጮቹ ደግሞ ደካማ ድምፆችን ያጎላሉ፣ ተቀራራቢ ድምፆችንም ለመለየት ያግዛሉ። በሰው ልጅ እነዚህ ሕዋሳት ከሞቱ ዳግም አይበቅሉም።

ጆሮ ለከፍተኛ ድምፅ ሲጋለጥ በተለይ የውጮቹ ሕዋሳት ሥራ ለጊዜው ይዳከማል። በዚህ ጊዜ ጆሮ ሊሰማው የሚችለው ዝቅተኛ የድምፅ ልክ፣ ማለትም የመስማት ደፍ፣ ከፍ ይላል። ይህ ጊዜያዊ የደፍ ለውጥ ይባላል። ከሠርግ አዳራሽ ሲወጡ «ጆሮዬ ጭው አለ» የሚባለው፣ ወይም የሰው ንግግር በጥጥ ውስጥ እንዳለፈ ሆኖ የሚሰማው፣ የዚሁ ምልክት ነው። ለውጡ ጎልቶ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን፣ ይህ ክልል የተነባቢ ፊደላት ጥራት፣ የክር ምትና የጸናጽል ድምፅ የሚገኙበት ነው። ስለዚህ የደከመ ጆሮ ሙዚቃውን ባያጣውም ጠርዙን ያጣል። የውጮቹ ሕዋሳት ሲዳከሙ ተቀራራቢ ድምፆችን የመለየት አቅምም አብሮ ይቀንሳል።

ለውጡ እንደ ድምፁ ከፍታና እንደ ቆይታው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ነገር ግን መመለሱ ጉዳት ላለመድረሱ ማረጋገጫ አይደለም። ሻሮን ኩጃዋ እና ቻርልስ ሊበርማን እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጦች ላይ ባወጡት ጥናት፣ የመስማት ደፍ ወደ ነበረበት ከተመለሰ በኋላም በጸጉራም ሕዋሳትና በነርቭ መካከል ካሉት መገናኛዎች ጉልህ ክፍል ለዘለቄታው መጥፋቱን አሳይተዋል። ግኝቱ የመስማት ምርመራ ውጤት ጤናማ ሆኖ ሳለ በጫጫታ መካከል ንግግር መለየት ለምን እንደሚያስቸግር የሚጠይቅ ሰፊ የምርምር ዘርፍ ከፍቷል።

እዚህ ላይ ስለ ጆሮ ንጽሕናም አንድ ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። «ጆሮን ማዘጋጀት» ሲባል ለብዙዎች ቀድሞ የሚታያቸው ኩክ ማውጣት ነው። ኩክ ግን የጆሮን ቱቦ ቆዳ የሚያለሰልስና አቧራ የሚይዝ ተፈጥሯዊ መከላከያ ሲሆን በአብዛኛው በራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። የጥጥ እንጨት፣ ክብሪት ወይም ቁልፍ ማስገባት ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ታምቡርንም ሊጎዳ ይችላል። አንደኛው ጆሮ የመደፈን ስሜት ካለው የሚሻለው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

3. የሳምንቱ የድምፅ ድርሻ

የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑ ከ12 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ወጣቶች አደገኛ በሆነ የማዳመጥ ልማድ ምክንያት የመስማት አቅማቸው ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑን ይገልጻል። ድርጅቱ ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር ያወጣው መመዘኛ ለአዋቂ ሰው የሚፈቅደው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅን በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። ዴሲቤል በሎጋሪዝም የሚሰላ በመሆኑ የ3 ዴሲቤል ጭማሪ የድምፁን ኃይል በእጥፍ ያሳድጋል። በመሆኑም የሚፈቀደው ጊዜ በ83 ዴሲቤል ወደ 20 ሰዓት፣ በ86 ወደ 10 ሰዓት፣ በ89 ወደ 5 ሰዓት ይወርዳል። በ100 ዴሲቤል የሳምንቱ ድርሻ በሙሉ በ24 ደቂቃ ገደማ ያልቃል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ድርሻው አንድ ነው፤ በመንገድ፣ በሥራ ቦታና በአዳራሽ የወጣው ሁሉ በቤት ውስጥ ለሙዚቃ ከሚቀረው ላይ ይቀነሳል። ሁለተኛ፣ በስልክ ላይ ትንሽ የምትመስል ጭማሪ በጊዜ ሲመነዘር ብዙ ናት። ስለዚህ ድምፅ ሳይጨምሩ በጥራት ለመስማት የሚያስችል ማንኛውም ዝግጅት የማዳመጥን ዕድሜ ያራዝማል።

4. የክፍሉ ጸጥታ

በድሬዳዋ የክፍልን ጸጥታ የሚወስነው ዋናው ነገር ሙቀት ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበትና በሚያልፍበት ከተማ ቬንቲሌተር አጥፍቶ ማዳመጥ ለብዙ ሰው የሚቻል አይደለም። የቬንቲሌተር ድምፅ ዘወትር ስላለ አንጎል ይለምደዋል፤ መልመድ ግን ማጥፋት አይደለም። አንድ ድምፅ ሌላውን ይሸፍናል፤ በተለይም ዝቅ ያለ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ከእሱ በላይ ያሉትን ድምፆች የመሸፈን ኃይል አለው። አድማጩ ይህን ሽፋን ለማለፍ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል፤ በዚህም ቬንቲሌተሩ ሳይታወቅ የሙዚቃውን ልክ ወሳኝ ይሆናል።

መፍትሔው ማጥፋት ብቻ አይደለም። በምሕንድስና በሚታወቀው የማራገቢያዎች ሕግ መሠረት የክንፉ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚያወጣው ድምፅ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ስለሆነም ከሦስተኛው ማርሽ ወደ አንደኛው ማውረድ ነፋሱን ከሚቀንሰው በላይ ጫጫታውን ይቀንሳል። የቬንቲሌተሩ አቀማመጥም ወሳኝ ነው፤ ነፋሱ በቀጥታ ጆሮ ላይ ሲያርፍ በጆሮ ቅጠል ላይ የራሱን ሹክሹክታ ስለሚፈጥር ወደ እግር ወይም ወደ ደረት ማዞር ይመረጣል። ከተቻለ ደግሞ የማዳመጫው ሰዓት አየሩ ወደሚቀዘቅዝበት ማለዳ ወይም ከምሽት በኋላ ሊዛወር ይችላል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ቬንቲሌተሩና ፍሪጁ አብረው ዝም ሲሉ የሚሰማው የጸጥታ ልዩነት ክፍሉ እስከዚያች ደቂቃ ምን ያህል ጫጫታ ተሸክሞ እንደነበር የሚያሳይ ቀላል መለኪያ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ድምፅ በክፍሉ ውስጥ እየተመላለሰ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በዋላስ ሳቢን ቀመር መሠረት ይህ ጊዜ የሚገኘው የክፍሉን ይዘት በ0.161 አባዝቶ በክፍሉ ጠቅላላ ድምፅ የመምጠጥ አቅም በማካፈል ነው። ለምሳሌ 4 ሜትር በ4 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል ይዘቱ 48 ሜትር ኩብ፣ የግድግዳው፣ የወለሉና የጣሪያው ጠቅላላ ስፋት 80 ካሬ ሜትር ነው። ሲሚንቶና ሴራሚክ ብቻ የሆነ ባዶ ክፍል አማካይ የመምጠጥ መጠኑ 0.05 ነው ብንል የመምጠጥ አቅሙ 4 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ድምፁም 1.9 ሰከንድ ያህል ይቆያል። በምንጣፍ፣ በፍራሽና በመጋረጃ አቅሙን ወደ 12 ካሬ ሜትር ብናሳድገው ቆይታው ወደ 0.64 ሰከንድ ይወርዳል። በመጀመሪያው ክፍል የዘፈኑ አንድ ቃል ሳይጠፋ ሌላው ይደርስበታል፤ በሁለተኛው እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ ይሰማል።

ከዚህ አንጻር የምሥራቅ ኢትዮጵያ የቤት አያያዝ ብዙ የሚያስተምረን አለ። በሐረሪ ባህላዊ ቤት በምንጣፍና በትራስ የሚሸፈነው ነደባ፣ በግድግዳው ላይ የሚደረደሩት የስፌት ሥራዎች፣ በድሬዳዋም በብዙ ቤቶች ግድግዳውን ተከትሎ የሚዘረጋው ፍራሽና መከዳ ለእንግዳ አቀባበልና ለውበት የተዘጋጁ ቢሆኑም ድምፅን በመምጠጥና በመበተን ረገድ ጥሩ አገልግሎት ይሰጣሉ። ስለዚህ ለማዳመጥ የሚመረጠው ክፍል ውድ ዕቃ ያለበት ሳሎን ሳይሆን ፍራሽና ምንጣፍ የበዛበት ሊሆን ይችላል።

5. ልክን ከታች ጀምሮ መወሰን

ጆሮው ካረፈና ክፍሉ ጸጥ ካለ በኋላ የድምፁ ልክ ይወሰናል። የተለመደው አሠራር ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀምሮ ሲረብሽ መቀነስ ነው። ለጥሞና የሚስማማው ግን ተቃራኒው ነው፤ ከዝቅተኛው ጀምሮ፣ በዘፈኑ ውስጥ በጣም ለስላሳ የሆነው ክፍል ጥርት ብሎ እስኪሰማ ብቻ ከፍ ማድረግና እዚያ ላይ ማቆም። ለስላሳው ከተሰማ ኃይለኛው መሰማቱ አይቀርም።

በዚህ አሠራር መጀመሪያ ላይ ሙዚቃው «የሳሳ» ሊመስል ይችላል። ምክንያቱም የታወቀ ነው። ፍሌቸር እና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት የሰው ጆሮ ለሁሉም ድግግሞሽ እኩል ንቁ አይደለም፤ ድምፅ ዝቅ ሲል ከሁሉ በፊት የሚደበዝዘው የታችኛው የቤዝ ክፍል ነው። ከፍ ያለ ድምፅ «የተሻለ» የሚመስለንም በከፊል ቤዙ ስለሚመለስ ነው። ይህን የሚያውቅ አድማጭ አነስተኛ የቤዝ ማስተካከያ አድርጎ ጠቅላላውን ልክ ዝቅ እንዳለ ሊተወው ይችላል። በጆሮ ማዳመጫ የሚጠቀም ሰው ደግሞ የጆሮን ቱቦ በሚገባ የሚዘጋ ዓይነት ቢመርጥ የውጭው ጫጫታ ስለሚቀንስለት ድምፅ ለመጨመር አይገደድም።

6. ትኩረት፦ የበገናና የቅኝት ምሳሌ

የዝግጅቱ የመጨረሻ ክፍል ትኩረት ነው። ኮሊን ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጥናት ሁለት ንግግሮች በአንድ ጊዜ ሲሰሙ ሰው አንዱን ተከትሎ የሌላውን ይዘት ከሞላ ጎደል እንደማያስተውል አሳይቷል። በሙዚቃም እንዲሁ ነው፤ ስልክ እየነካኩ የተሰማ ዘፈን ተሰምቷል እንጂ አልተደመጠም።

ለልምምድ በገናን የሚያህል መሣሪያ የለም። በገና 10 አውታር ያለው፣ ለአደባባይ ጭፈራ ሳይሆን ለጸሎትና ለተመስጦ የሚደረደር መሣሪያ ነው። የአውታሮቹ መሠረታዊ ድምፅ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን በአውታሩና በመቀመጫው መካከል የምትገባው እንዝራ የተባለች ትንሽ ቆዳ የበገናውን የታወቀ ንዝረት ትፈጥራለች፤ ንዝረቱም ጆሮ ይበልጥ ንቁ ወደሆነበት የላይኛው ክልል የሚዘልቁ ድምፆችን ይወልዳል። ያረፈ ጆሮ ጥልቁን ድምፅና ንዝረቱን ለየብቻ ይከተላቸዋል። ለደከመ ጆሮ ወይም ቬንቲሌተር በሚጮኽበት ክፍል ሁለቱ አንድ ዓይነት ጉርምርምታ ይሆናሉ። በበገና ደርዳሪነቱ በዓለም የታወቀው ዓለሙ አጋ ያስቀረጻቸውን ሥራዎች በዚህ መንገድ ሁለቴ ማዳመጥ ልዩነቱን ያስረዳል።

ቅኝትን ለሚያጠኑ ደግሞ ጉዳዩ የመረጃ ትክክለኛነት ነው። ትዝታ ሜጀርና ትዝታ ማይነር የሚለያዩት ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው በማይነሩ በግማሽ ድምፅ ዝቅ በማለታቸው ነው። ግማሽ ድምፅ በድግግሞሽ 6 በመቶ ገደማ ልዩነት ብቻ ነው። ተደጋግሞ በተቀዳ አሮጌ ካሴት ላይ፣ ድምፃዊው እያንሸራተተ በሚያዜምበት ቦታ፣ ይህን ልዩነት በእርግጠኝነት ለመወሰን ያረፈ ጆሮና ጸጥ ያለ ክፍል ያስፈልጋል። አንዲት ድምፅ በስህተት ስትመዘገብ የቅኝቱ ስም ይለወጣል፤ ስሙን ተከትሎም ትንተናው ይለወጣል።

7. የሚመከር ቅደም ተከተል

ከላይ የተብራራው ወደ ተግባር ሲመለስ የሚከተለውን መልክ ይይዛል።

ሀ) ከሠርግ፣ ከአዳራሽ ወይም ከማሽን ቤት በተመለሱበት ቀን ለጥሞና የሚሆን ማዳመጥን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ። በተራ ቀን ደግሞ ከመንገድ እንደገቡ ሙዚቃ ሳይከፍቱ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ማረፍ።

ለ) የራስን መለኪያ ማበጀት። በጠዋት፣ ቬንቲሌተር ጠፍቶ፣ አንድ የታወቀ ለስላሳ ዘፈን በጭራሽ ከማይሰማበት ጀምሮ ከፍ እያደረጉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማበትን የስልኩን የድምፅ ልክ መመዝገብ። ማታም በዚያው ክፍል፣ በዚያው ማዳመጫ መድገም። ማታ ሁለትና ከዚያ በላይ ማርሽ መጨመር ካስፈለገ ወይ ክፍሉ ይበልጥ ይጮኻል ወይም ጆሮው ደክሟል፤ በሁለቱም ምክንያት ሥራው ለጠዋት ቢቀጠር ይሻላል።

ሐ) ቬንቲሌተሩን ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ማውረድና ከጆሮ ማራቅ፤ በመንገድ በኩል ያለውን መስኮት መዝጋት፤ ፍራሽና ምንጣፍ ያለበትን ክፍል መምረጥ።

መ) ልክን ከታች ጀምሮ በለስላሳው ክፍል መወሰንና በመሀል አለመለወጥ።

ሠ) አንድን ሥራ ሦስት ጊዜ ማዳመጥ፤ መጀመሪያ በሙሉው፣ ቀጥሎ አንድን መሣሪያ ብቻ ተከትሎ፣ በመጨረሻ የድምፃዊውን አዟዟር ተከትሎ። የሚገለብጥ ሰው ብዕር የሚያነሣው ከሁለተኛው በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ረ) ጆሮ ላይ የማያቋርጥ ጩኸት፣ የአንድ ወገን መደፈን ወይም ድንገተኛ የመስማት መቀነስ ካለ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ። በተለይ ድንገተኛ የመስማት መቀነስ በቀናት ውስጥ ሕክምና የሚሻ ድንገተኛ ሕመም ነው።

መደምደሚያ

በጥሞና ማዳመጥ ለባለጸጋ የተተወ የትርፍ ጊዜ ቅንጦት አይደለም። ከላይ ከተዘረዘሩት እርምጃዎች አብዛኞቹ ወጪ የላቸውም፤ የሚጠይቁት ሰዓት መምረጥን፣ ማርሽ መቀነስንና ለጥቂት ደቂቃ ዝም ማለትን ነው። ጸጥታው ሲጨምር የሚያስፈልገው ድምፅ ይቀንሳል፤ የሚያስፈልገው ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ይጠበቃል፤ የተጠበቀ ጆሮም ነገ ከዛሬው ባነሰ ድምፅ የበለጠ ይሰማል። በተቃራኒው ጫጫታን በድምፅ ለማሸነፍ የሚደረግ ሙከራ የሚያበቃው ሁለቱንም በማጣት ነው። በካሴትና በሸክላ የተቀረጸው የአገራችን ሙዚቃ ወደ ዲጂታል ቅጂ እየተዛወረ ባለበት በዚህ ወቅት ቅጂውን ማዳን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ቅጂው የያዘውን መስማት የሚችል ጆሮ ማቆየት ነው። የቃልና የዜማ ጥናት የሚያካሂዱ የትምህርት ክፍሎችም ለተማሪዎቻቸው የመቅረጫ አጠቃቀም ሲያስተምሩ የማዳመጫ ሁኔታን አብረው ቢያስተምሩ፣ ተመራማሪዎችም በሥነ ዘዴ ክፍላቸው ድምፁን በምን ሰዓት፣ በምን ክፍልና በምን መሣሪያ እንዳዳመጡ ቢገልጹ የግልበጣው ተአማኒነት ይጨምራል።